ከእንዬ በላይ

የሰብዓዊ መብት ፈተና በሚሰጥበት ሳምንት ደባርቅ ገበያ ላይ ሽንኩርት ይጠፋል። ልጆቹ የሚያስሩት የልብ መለኪያ አምባር በሽንኩርት እንባ እንደማይታለል ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ እያወቀም ይገዛል። ልጅን ባዶ እጁን ወደ ፈተና መስደድ አንጀት አይችልማ። ጠዋት ጠዋት በየበሩ እናቶች የልጆቻቸውን ኮሌታ እያስተካከሉ፣ «በደንብ አልቅሺ፣ እሺ? እንደ አምናው እንዳታዋርጂን» ሲሉ ይሰማል። ዓይናቸው የደረቀባቸው ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይገባሉ።

ቲቸር ሶልያና ማጠናከሪያ አስተምራ አታውቅም። ምን አስፈልጓት! ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ አላት። መጽሐፉን ገልጣ፣ «እንዬ በሩን አንኳኳች፤ የከፈተላት የለም» ስትል፣ ከኋላ ወንበር የሚያንጎላጀው ጎረምሳ ሳይቀር ቀና ይላል። ልጃቸው እሷ ክፍል እንዲገባላቸው ደጅ የሚጠኑ ወላጆች ነበሩ።

በደጋው አገር የእንዬን መጽሐፍ ሳያነብ አሥረኛ ክፍልን ያለፈ የለም። እንዬ በድሮው ዘመን፣ ሰው ከዚህ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ማዶ ለሥራ ይሰደድ በነበረበት ጊዜ፣ ሰው ቤት ልትቀጠር የሄደች ልጅ ናት። ፓስፖርቷን ይቀሟታል፣ ደመወዟን ይከለክሏታል፣ በስተመጨረሻ ያ ሙቀት ሲመጣ ቤተሰቡ በሩን ቆልፎባት ይሸሻል። ለወጣቶች የተጻፈ ስለሆነ ቋንቋው ቀላል ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ አለው። የትኛው መብቷ ተጣሰ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

መጽሐፉ ሲነበብ ልጆቹ አምባር ያስራሉ። አምባሩ የልባቸውን ይለካል፤ የሁሉም ልብ ተደምሮ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ መስመሩ የደረሰበት ከፍተኛው ቦታ ይያዝና የክፍሉ ውጤት ይሆናል። ልጆቹ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። መምህራን ግን ሌላም ነገር ያውቃሉ።

ዛሬ ስደቱ ተገልብጧል። ባሕሩ ማዶ ያሉት ከተሞች በዚያ ሙቀት ሰው የማይኖርባቸው ከሆኑ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ወደዚህ ነው፤ ወደ ደጋው፣ ብርድ ወዳለበት። ሁሉንም ማስተናገድ አይቻልም ተባለ። ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ የሚለውን ቢሮ ብቻውን ከወሰነ አድልዎ ይኖራል ተባለ። እንግዲያው ወጣቶቹ ይስሙ፤ ነገ አብረው የሚኖሩት እነሱ ናቸው። ሐሳቡ የቀረበ ዕለት አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ አጨብጭቦለታል። ስደተኛው አሥረኛ ክፍል ፊት ቆሞ ታሪኩን ይናገራል፣ ልጆቹ አምባር አስረው ይሰሙታል። እጅ ማውጣት የለ፣ ክርክር የለ። መምህራን ብቻ የሚያውቁት ደግሞ ይህን ነው፦ መስመሩ በዚያው ክፍል እንዬ ካደረሰችው ቦታ ካለፈ ሰውየው ይቀራል። ካላለፈ ሊማሊሞን ይወርዳል።

ሊማሊሞ ቁልቁለቱ ነው፤ ከሥሩ ቆላው ሰፈር አለ። ስለ ቆላው ሰፈር ደባርቅ ላይ ብዙ አይወራም። «እነ እከሌስ?» ሲባል «ወረዱ» ይባላል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ሪማስ ከሶልያና ግቢ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ከአባቷ ጋር ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። እናቷ ገና እዚያው ሳሉ በሙቀቱ ሞታለች። አባትየው አቶ ፈዋዝ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ብርድ ልብስ ያጥፋል፤ በእረፍቱ ቀን ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ገና ሲመጡ ግቢውን ሁሉ ያስገረመው የልጅቱ አማርኛ ነበር። ጥርት ያለ የወሎ አማርኛ! አንድ ነገር ሲያስከፋሽ ቀድማ «አብሽሪ» የምትል እሷ ናት። ማን እንዳስተማራት ስትጠየቅ «ያሳደገችኝ ሴት» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፤ ከመስኮቱ ሥር ሁለተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

የእነሪማስ መሰሚያ ቀን በሴሚስተሩ መጨረሻ፣ በሶልያና ክፍል መሆኑ የተነገረ ዕለት አቶ ፈዋዝ በሯ ላይ መጥቶ ቆመ። ይግቡ ስትለው አልገባም።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ የምትናገር ልጄ ናት። የእኔ አማርኛ አይበቃም» አለ። «ኩላሊቴን ያውቃሉ። ሐኪሙ ቆላ ከወረድክ በጋውን አትጨርስም ብሎኛል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።»

«ጎሽ፣ እንኳን አልነገሯት» አለች ሶልያና። ስለ መስመሩ ለተናጋሪ መንገር ክልክል ነው። በመሰሚያው ቀን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ አምባር ታስሮ፣ «እንዴት እንደሚለካ የነገረሽ አለ?» ይባላል። ዋሽቶ ያመለጠ የለም። አለ ያለም፣ የለም ብሎ አምባሩ ያሳበቀበትም በዚያው ቀን ይወርዳል። ስለዚህ ልትነግራት አትችልም። ልታደርግላት የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም ያሰበችው አቶ ፈዋዝ ገና በሯ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። መጽሐፉን አበላሽታ ታነባለች።

ቀላል ይመስላል እንጂ አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ ስታነብ ለኖረች ሴት አንደበቷን ማሰር ምን ያህል እንደሚከብድ ማን ይነግራት! እንዬ ከእናቷ ስትለያይ ሶልያና የመድኃኒት ወረቀት የምታነብ ይመስል ነበር። ማቆም ያለባት ቦታ ላይ ትሮጣለች፣ መሮጥ ያለባት ቦታ ላይ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ልጆቹ ያዛጋሉ። ቀዩ መስመር ከግድግዳው ግርጌ ተጋድሞ ቀረ። እሷ ደግሞ በየቀኑ እሱን እያየች በልቧ «እዚያው ተኛ» ትለዋለች።

«ቲቸር፣ አሞዎታል እንዴ?» አለቻት ቤቴል አንድ ቀን። ቤቴል የክፍሉ አለቃ ናት፤ አፍ አላት፣ ልቧ ግን ጥሩ ነው። «በሞቴ እንደ ድሮው ያንብቡልን። እህቴ በእርስዎ ንባብ ነው አንደኛ የወጣችው። የኛ ውጤት እኮ ገደል ገባ!»

«ጉሮሮዬን ነው» አለች ሶልያና።

በዚያው ቀን ማታ ሪማስ ዝንጅብል በማር አፍልታ መጣች። ማሩን ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። «እትዬ ሶልያና፣ ትኩስ ትኩሱን ይጠጡት። ያሳደገችኝ ሐዋዬ ጉሮሮዬን ሲያመኝ እንደዚህ ነበር የምታፈላልኝ» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለኛ ተጨንቀው ነው አይደል? አብሽሩ። እኔ እናገራለሁ፣ ልጆቹም ይወዱኛል» አለቻት። ሶልያና ዝንጅብሉን ፉት አለች። ያቃጥላል። ልጅቱን አቅፋ ማልቀስ አማራት፣ ግን ይህቺ ልጅ ነገር ፈልፍላ የምታወጣ ናት፤ ለምን አለቀሱ ብላ መጠየቋ አይቀርም። «አንቺ ብቻ ስለ እናትሽ ደህና አድርገሽ ተናገሪ» አለቻትና ሸኘቻት።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሚነበብበት ቀን ሱፐርቫይዘሩ አቶ ያብስራ ክፍል ገባ። ትሑት ሰው ነው፣ ሲገባ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል፣ ለልጆቹ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። የመሰሚያውንም ቀን የሚመራው እሱ ነው። ከኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ግድግዳውን አየ። ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

ሶልያና ማንበብ ጀመረች። የተቆለፈው ቤት፣ የቆመው ማቀዝቀዣ፣ እንዬ የቀረቻትን ውሃ በክዳን እየለካች ስትጠጣ፤ ሁሉንም እንደ አውቶቡስ ረዳት ጠራችው። ገጹን ልትገልጥ ስትል አቶ ያብስራ ተነሳ።

«ቲቸር ሶልያና፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። ጉሮሮዎን እንዳመመዎት ሰምቻለሁ፤ ይረፉ። ልጆቹ በዚህ ውጤት ቢወድቁ ኃጢአቱ የሁላችንም ነው። እስኪ ከልጆቹ አንዱ ያንብብ።»

«ግድ የለም፣ እጨርሰዋለሁ።»

«የለም፣ የለም። ማን ያነባል?»

ከመስኮቱ ሥር አንድ እጅ ወጣ። «አንቺ አይደለሽም!» አለች ሶልያና፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣ። «ሌላ ሰው። ቤቴል፣ አንቺ አንብቢ።»

ሪማስ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ፊቷ ቀላ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሶልያና ጮኻባት አታውቅም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ለምን?» አለ አቶ ያብስራ፤ ከልቡ ተገርሞ ነው። «እንግዳ ስለሆነች ነው? ቲቸር፣ ይህን ከእርስዎ አልጠበቅሁም። ስለ መብት በሚያስተምር ክፍል ውስጥ! የኔ ልጅ፣ ነይ፣ መብትሽ ነው። ውጪና አንብቢ።»

ሪማስ ወጣች። በሶልያና አጠገብ ስታልፍ በጆሮዋ፣ «እኔ አለሁ፤ እርስዎ ይረፉ» አለቻት። መጽሐፉን ከእጇ ተቀበለቻት።

ልጅቱ ስታነብ ማንንም አንባቢ አልመሰለችም። ከሶልያናም አልቀዳችም። እንዬ ስልኳ ሊጠፋ ሲል ወደ አገር ቤት ደውላ ከእናቷ ጋር የምታወራበት ቦታ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ዝቅ አደረገችው፤ በቃሏ ታውቀዋለች።

«‹እዚያ ሙቀቱ እንዴት ነው ልጄ?› አለቻት እናቷ። ‹ኧረ እማዬ፣ ነፋሻ ነው። እንደኛ አገር ነው› አለች እንዬ። ‹አሁን ምን እያደረግሽ ነው?› ‹ምንም፤ ተኝቼ ነው። እማዬ፣ እዚያ እየዘነበ ነው? እስኪ ስልኩን ወደ ቆርቆሮው አስጠጊልኝ። ዝናቡን ልስማው።›»

በወሎ አማርኛ ነበር ያነበበችው። ያን ሁሉ ዓመት ሶልያና እንዬን ስታነብ፣ እንዬ እንዲህ ትናገር እንደነበር አንድም ቀን አልታያት። ቤቴል ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሶልያና ራሷ እንባዋ ወረደ፣ በእንባዋ ውስጥ ግን ግድግዳውን ነበር የምታየው። ቀዩ መስመር ተነሳ። አምና የደረሰበትን አለፈ። ከሰሌዳው በላይ ወጣ። ከጣሪያው ሥር ካለችው አምፖል ዝቅ ብሎ ቆመና እዚያ ቀረ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቤቴል ሪማስን አንቃ ሳመቻት። «አንደኛ! ከደባርቅ አንደኛ እኮ ነን!»

ሪማስ በልጆቹ መሀል አንገቷን አስግጋ ሶልያናን ፈለገቻት። «ቲቸር፣ አኮራሁዎት?»

«አኮራሽኝ የኔ ልጅ» አለች ሶልያና። ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች።

ልጆቹ ሲወጡ አቶ ያብስራን በሩ ላይ ያዘችው። ለመነችው። «ያነበበችው ራሷ ተናጋሪዋ ናት። ይህ ውጤት ይሰረዝ፤ የእኔው ይያዝ። እባክዎን፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ?» ብላ ጎንበስ አለች።

«ኧረ በስመ አብ፣ ይነሱ» አለ፤ ክንዷን ይዞ ደገፋት። ዓይኑ ገና ቀይ ነበር። «መመሪያው ማን እንዳነበበ አይጠይቅም። እኔ ባልኖርበት ኖሮ… ግን ነበርኩ። ደግሞ ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ንባብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ይህን መሰረዝ ራሱ ወንጀል ነው።»

የመሰሚያው ቀን ብርዱ የሚጋረፍ ነበር። አቶ ፈዋዝ ካፖርት ተውሶ መጣ፤ ከፊት ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሪማስ አምባር ታሰረላት። እንዴት እንደሚለካ የነገረሽ አለ ሲባል የለም አለች፤ እውነቷን ነበር። ልጆቹ ፈገግ ብለው አዩዋት። ጓደኛቸው ናት፣ ውጤታቸውን ያነሳችላቸውም እሷ ናት፤ ማናቸውም ትወርዳለች ብሎ አላሰበም። ተማሪዎች በመሰሚያው ቀን ግድግዳውን እንዳያዩ ስለተከለከሉ ወንበራቸው ዞሮ መስመሩ ከኋላቸው ይሆናል፤ ለተናጋሪዋ ደግሞ መጋረጃ አለ። የሚያዩት ሶልያናና አቶ ያብስራ ብቻ ናቸው።

«ቲቸር ስለ እናትሽ ተናገሪ ብለውኝ ነበር» አለች ሪማስ። «እናቴ በሙቀቱ ሞታለች። እወዳታለሁ። ግን እንዬን ካነበብኩ ወዲህ የምናገረው ስለ ሌላ ሰው ነው። ሐዋ ትባላለች። የወሎ ሴት ናት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አማርኛዬ የእሷ ነው።»

አቶ ፈዋዝ ቀና አለ።

«የሸሸን ቀን መኪናው ሞላ። አባቴ እንመለስልሻለን አላት። ሁላችንም እንደማንመለስ እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ግን አውቅ ነበር። ሐዋዬ መስኮቱ ጋ መጣችና ውሃ አቀበለችኝ፤ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። ‹ሂጂ የኔ እናት፣ አብሽሪ፣ እኔ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ› አለችኝ። ውሃው የራሷ ድርሻ ነበር። መንገድ ላይ ጠጣሁት።»

አቶ ፈዋዝ በካፖርቱ እጅጌ ፊቱን ሸፈነ።

«መጽሐፉ የትኛው መብቷ ተጣሰ ብሎ ይጠይቃል። እኔ መልሱን በደንብ ተምሬዋለሁ። የጣስነው ደግሞ እኛ ነን። ይህን ሳልናገር እዚህ ልቅር ብል ደስ አይለኝም። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሶልያና መስመሩን ታያለች። «ሐዋ» ሲባል ተነስቷል፣ «ጠጣሁት» ሲባል ሽቅብ ተተኮሰ። ሰሌዳውን አለፈ። አምና ያነበበችውን፣ ካቻምና ያነበበችውን፣ በዕድሜዋ ያነበበችውን ሁሉ ጥሎ ሄደ። በልቧ፣ «ጨምር፣ ስለ እመብርሃን ጨምር» ትላለች። ወደ አምፖሏ ተጠጋ። የመጨረሻው ንባብ ከደረሰበት ቦታ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለና ዝቅ ማለት ጀመረ።

ከዚህ በፊት በዚያ ክፍል ከተነበበው ሁሉ ይህን ንግግር የሚበልጠው አንድ ንባብ ብቻ ነበር። እሱም የራሷ የሪማስ ነው።

ደንቡ ውሳኔው ከመነገሩ በፊት አምባር ይሰበሰብ ይላል። አቶ ያብስራ ሣጥኑን ይዞ በየወንበሩ እያለፈ ሰበሰበ፣ ክዳኑን ዘጋ፣ ቆሞ ውሳኔውን ነገራቸው። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ከዚያ ቤቴል ጮኸች፤ ጩኸቷ የሰው አይመስልም ነበር። ክፍሉ እንዳለ ተነስቶ ሪማስ ላይ ተጠመጠመ። «አትሄድም!» እያሉ፣ እየተንሰቀሰቁ፣ ንፍጣቸውን እንኳ ሳይጠርጉ። እንዲህ ያለ ልቅሶ ሶልያና ቀብር ላይም አላየችም።

«አምባሩን መልሱላቸው!» አለች። «አሁን ለኩት! አቶ ያብስራ፣ አሁን ይለኩት እንጂ!»

አቶ ያብስራ ሣጥኑን በደረቱ አቅፎ ቆሞ ነበር። እሱም እያለቀሰ ነው። «ተዘግቷል ቲቸር» አለ። «ምን ላድርግ፣ ተዘግቷል።»

በማግስቱ አውቶቡሱ ጭጋጉ ሳይገፈፍ መጣ። አቶ ፈዋዝ የሰርቪስ ቤቱን ቁልፍ አጥቦ፣ አድርቆ አስረከባት። ሪማስ ሶልያናን አገላብጣ ሳመቻት፣ ከዚያ ከልቧ ለማወቅ ፈልጋ፣ «እትዬ፣ ምን ጎደለኝ? ደህና አልተናገርኩም?» አለቻት። አሁን መንገር ይቻላል፤ ከውሳኔ በኋላ የሚከለክል የለም። ሶልያና አፏን ከፈተች። ልጅቱ ይህን ይዛ ያን ቁልቁለት ስትወርድ ታያት። «ምንም አልጎደለሽም። ክፋቱ የኛ ነው» አለች፤ ስትሳፈርም ውሃ የሞላ ጠርሙስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በአውቶቡሱ መስኮት አቀበለቻት። ሪማስ ጨርቁን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ፤ ተቀበለች። አውቶቡሱ ሊማሊሞን ይዞ ወረደ። አቶ ፈዋዝ በዚያው በጋ መሞቱ የተሰማው ቆይቶ ነው፤ ስለ ሪማስ ግን የሚነግር ሰው አልተገኘም።

አዲሱ ሴሚስተር ሲከፈት ቢሮው ደስ የሚል ማስታወቂያ አወጣ። መምህራን ከእንግዲህ በማንበብ አይደክሙም። ጥሩ አንባቢ የደረሰው ክፍልና መጥፎ አንባቢ የደረሰው ክፍል እኩል አለመሆኑ ፍትሕ አልነበረም፤ አሁን በደጋው አገር ያለ ተማሪ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ከሁሉ የተመረጠ ንባብ ይሰማል። ለቲቸር ሶልያናም የምስጋና ወረቀት ተሰጣት፤ ንባቡ የተቀዳው ከእሷ ክፍል ነውና።

መጽሐፉን ከመጀመሪያው የሚያነብ ሌላ ድምፅ ነበር፤ ደህና ነው፣ ያስኬዳል። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። «‹እዚያ ሙቀቱ እንዴት ነው ልጄ?› አለቻት እናቷ…» ሶልያና ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። ከመስኮቱ ሥር፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ፣ ጁማና የምትባል አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤ ከባሕሩ ማዶ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እናቷና ሁለት ታናናሾች አሏት። መሰሚያቸው በሴሚስተሩ መጨረሻ ነው። ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ የምታለቅሰው እሷ ነበረች።

ሶልያና አጠገቧ ሄዳ ጎንበስ አለች። «አታልቅሺ» አለቻት በሹክሹክታ። «ሌላው ያልቅስ፣ አንቺ አታልቅሺ። እባክሽ።»

ልጅቱ ልታጽናናት የመጣች መሰላት፤ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። «ቲቸር፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ማን ናት የምታነበው?»

«ከናንተው አገር መጥታ እዚህ ክፍል የተማረች ልጅ ናት።»

«የኛው አገር ልጅ ናታ! እንዲህ እያነበበች መቼም ሳይቀበሏት አልቀሩም፣ አይደል?»

ሶልያና ልትመልስላት ፈለገች። እውነቱን ብትነግራት ልጅቱ በመሰሚያዋ ቀን አምባር አስራ ትጠየቃለች። «አዎ» አለቻት፤ መሐረቧን አውጥታ የልጅቱን ጉንጭ ጠረገች።

እንዬ ዝናቡን ልስማው አለች። ግድግዳው ላይ መስመሩ ገና እየወጣ ነበር።